በሕፃን ፊት ፊታችሁን ጠብቁ

የጅማ ሰዎች ሆይ፣ «ሕፃን ምን ያውቃል» ማለታችሁን ተዉ።

ከሄርማታ እስከ ጅሬን፣ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ሕፃን ከእቅፍ ወደ እቅፍ ሲዞር ይውላል። አንዱ ዓይኑን አፍጥጦ «ጅብ መጣልህ!» ይለዋል፤ ልጁ ከንፈሩን ጥሎ ሲያለቅስ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ጓዳ በር ላይ ባልና ሚስት ድምፃቸውን ቀንሰው ፊታቸውን አጥቁረው ይነታረካሉ፤ ልጁ አይሰማም ብለው። ቃሉን ባይሰማ ፊታችሁን ያያል።

አዲስ የተወለደ ልጅ ደህና አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ነው፤ ጡት ሲጠባ የእናቱ ፊት ያለው እዚያው ላይ ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላው ለፈገግታ ፈገግታ ይመልሳል። 7 ወር አካባቢ ሲደርስ የፈራ ፊት ከሳቀ ፊት ይልቅ ዓይኑን ይይዘዋል። ትኩር ሲል የልቡ ምት ለአፍታ ይቀንሳል፤ ሲጨነቅ ይፈጥናል፣ ብሌኑም ይሰፋል። እናንተ የምትስቁበት ልቅሶ እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው።

የደነዘዘ ፊትም ከቁጣ አይሻልም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ትሮኒክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ሙከራ፣ እናት ከልጇ ጋር ስትጫወት ቆይታ ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን ድርቅ ታደርጋለች። ልጁ ፈገግ ብሎ ይሞክራታል፣ ደግሞ ይሞክራል፤ መልስ ሲያጣ ዓይኑን ያሸሻል፣ ሰውነቱ ይሟሽሻል። በኋላ በተደረጉ ተመሳሳይ ሙከራዎች የልብ ምቱ ሲጨምር ታይቷል። ጨዋታው ሲመለስም ልጁ ወዲያው አይረጋም። እያጠባችሁ ስልክ ላይ የምታፈጡ እናቶች፣ ልጁ ቀና ሲል የሚያገኘው ይህንኑ የመሰለ ፊት ነው። ስልኩን ጡቱ እስኪያልቅ አስቀምጡት።

ልጁ እያደገ ሲሄድ በፊታችሁ መንገድ ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ ጥናት የ12 ወር ልጆች በመስታወት በተሸፈነ፣ ገደል በሚመስል ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እናታቸው ፈገግ ካለችላቸው 19 ልጆች 14ቱ ተሻገሩ፤ የፈራ ፊት ካዩት 17 ግን አንድም አልተሻገረም።

ፊቱን ሲያዞርባችሁ «ጠላኝ» ብላችሁ አገጩን ይዛችሁ አትመልሱት። ማረፉ ነው። ጣቶቹን ከበተነ፣ ጀርባውን ከለጠጠ፣ ስቅ ካለው ወይም ደጋግሞ ካዛጋ በዝቶበታልና ዝም በሉ። ራሱ ሲመለስ ቀስ ብላችሁ ፈገግ በሉለት። ጠብ ከተነሳ አንዳችሁ ደጅ ውጡ፤ ትንፋሻችሁ ሳይረጋ ልጁን አትቀፉት። ፊታችሁ አንድ ቀን ቢያመልጣችሁም አትደንግጡ፤ ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ በለሰለሰ ድምፅ እያወራችሁ አረጋጉት።

አራስ ጥየቃ ገብታችሁ ገንፎ የምትበሉ፣ እናትየዋን ደግሞ እዩዋት። ፊቷ ከደነዘዘ «ልጅሽን አትወጂም» አትበሏት፤ ይህ ቃል ይሰብራታል። ሐዘኑ ከ2 ሳምንት ካለፈ ሕመም ሊሆን ይችላልና አንዳችሁ ልጁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ አድርሷት። ሕፃኑም 3 ወር ሞልቶት ለሰው ፈገግ ካላለ ወይም ፊት በዓይኑ ካልተከተለ ለሐኪም አሳዩት፤ «ሲያድግ ይተወዋል» እያላችሁ አታቆዩት።