ሞስኮ ላይ ሐኪም፣ ሶፊያ ላይ ጠንቋይ

በደርግ ዘመን "ሶሻሊስት አገር" ተልከው የተማሩ ሰዎች ካፌ ውስጥ ተሰብስበው ሲቀመጡ ከሩቅ ይታወቃሉ። ወሬያቸው በአማርኛ ይጀምራል። ቀልድ ሲመጣ ግን ወደ ራሺያኛ ይሸሻሉ። የሰፈራችን ጠረጴዛ ላይ አንዱ ራሺያ ሞስኮ፣ አንዱ ቼክ አገር ፕራግ፣ አንዱ ቡልጋሪያ ሶፊያ፣ አንዱ ፖላንድ ዋርሶ የተማሩ ናቸው። እኔም በከተማቸው ልጥራቸው። እርስ በርሳቸውም የሚጠራሩት እንደዚያ ነው።

አስቸጋሪው ሞስኮ ነው። ሐኪም ነው፤ ጡረታ ወጥቷል፤ ጊዜ አለው። "ራሺያኛ የቻለ ሁሉንም ችሏል" ይላል። "ቼኩም፣ ፖላንዱም፣ ቡልጋሪያውም ያው ነው።" ማስረጃም አያጣም። ውሃ በአራቱም ቋንቋ ቮዳ ነው። ወንድም ብራት ነው፤ ቼኮች ብቻ ጫፉ ላይ አንድ "ር" ጨምረው ብራትር ይሉታል። "ታዲያ ምን ቀረ?" ይልና ሻዩን ፉት ይላል።

የቀረውማ ብዙ ነው። እርግጥ ነው፣ ስላቮች የሚባሉት እነዚህ ሕዝቦች ከ1500 ዓመት ገደማ በፊት ሁሉም የሚናገሩት አንድ ቋንቋ ነበር። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነውና ቃላቱ ዛሬም መልካቸው አንድ ነው። ጠባያቸውን ግን አትጠይቁኝ። ጭራሽ የማታውቁት ቃል አያሳስታችሁም፤ ትጠይቃላችሁ። ጉድ የሚሠራው አውቀዋለሁ ብላችሁ በልበ ሙሉነት የምታልፉት ነው።

ከራሱ ከሞስኮ እንጀምር። ዲፕሎማው ላይ "ቭራች" የሚል ቃል አለ። በራሺያኛ ሐኪም ማለት ነው። ይህንኑ ቃል ይዞ ቡልጋሪያ ቢገባ ግን ጠንቋይ ነው። በሰርቢያም እንደዚያው። የእነሱ ሐኪም ሌላ ስም አለው፤ "ሌካር" ይባላል። የቃል ዘር የሚመረምሩ ሰዎች እንደሚሉት "ቭራች" የወጣው "መናገር" ከሚል የጥንት ቃል ነው። በሽተኛው ላይ እያነበነበ የሚያክም ሰው ማለት ነበር። ከዚያም ራሺያ ውስጥ ነጭ ጋውን ለበሰ፤ ቡልጋሪያ ውስጥ ማነብነቡን ቀጠለ። "ዲፕሎማህን ይዘህ ሶፊያ ብትመጣ ወረፋውን አትችለውም ነበር" ይለዋል ሶፊያ። የሞስኮን የመድኃኒት ማዘዣ ለማንበብ የሞከረ ሰው ቡልጋሪያዎቹን አይፈርድባቸውም።

ከሁሉም ሞስኮን የሚያናድደው ግን የፕራግ ወሬ ነው። በተማሪነቱ አንድ ክረምት በባቡር ፕራግ ሄዶ ነበር። ገና ከባቡር ሲወርድ ትልቅ ጽሑፍ አየ፦ "ፖዞር!" መንገዱ ላይ "ፖዞር!" የግንባታ አጥር ላይ "ፖዞር!" በቼክኛ "ተጠንቀቅ" ማለት ነው። በራሺያኛ ግን "ውርደት!" ነው። ሰውየው ከተማው በሙሉ ሲያዋርደው ዋለ።

ዳቦ ቤት ገባ። "ዳቦው ቼርስትቪ ነው" አለችው ሻጯ፣ ፈገግ ብላ። ትኩስ ነው፣ ዛሬ የተጋገረ ነው ማለቷ ነው። ይኸው ቃል ራሺያ ውስጥ ለደረቀ፣ ለከረመ ዳቦ ነው የሚባለው። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ነጋዴ አይቶ አያውቅም ነበርና አመስግኗት ወጣ። ሽቶ መሸጫ በር ላይ ደግሞ "ቮኛቭካ" ይላል። ቼኩ ሽቶ ማለቱ ነው። "ቮን" ግን በራሺያኛ ግማት ነው። ማታ የጋበዙት ቤተሰቦች አማርኛውን ሲሰሙ "ኡዣስኒ!" አሉለት። እጹብ ድንቅ ነው ማለታቸው ነው። እሱ የሰማው "ያስጠላል!" ነው። ሲመለስ ጓደኞቹ ስለ ፕራግ ቢጠይቁት "ከተማው ውብ ነው፣ ሰዎቹ ግን አመላቸው ከባድ ነው" አለ አሉ። ይህን የሚያወራው ፕራግ ስለሆነ ጨው አይጎድለውም። ቃላቱ ግን ልክ ናቸው።

ዋርሶም የራሱ አለው። ፖላንድ ውስጥ ሱቅ "ስክሌፕ" ይባላል። ራሺያኛ የሚያውቅ ሰው ያን ሲያነብ የሬሳ ሳጥን የሚቀመጥበት የመቃብር ቤት ነው የሚታየው፤ የዋጋ ዝርዝሩን ሲያይ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ለተማሪ የሚጠቅመው ግን "ዛፖምኒ" ነው። የራሺያ አስተማሪ "ዛፖምኒ!" ካለ በቃልህ ያዝ ማለቱ ነው። ፖላንዱ ሲለው እርሳው ማለት ነው። ዋርሶ በዲግሪው ላይ ያለችውን መጠነኛ ውጤት ዛሬም በዚህ ነው የሚያስረዳት።

ሶፊያ ዝም ብሎ ይሰማና "እኛ ጋ ደግሞ 'ናፕራቮ' ማለት ቀጥታ ነው" ይላል። በራሺያኛ ወደ ቀኝ ነው። ቡልጋሪያዎች ላይ ታች ራሳቸውን ሲነቀንቁ እንቢ፣ ግራና ቀኝ ሲወዘውዙ እሺ ማለታቸው መሆኑን ስትጨምሩበት፣ የሶፊያ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ የሞስኮ ምሩቅ የት እንደሚደርስ ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ቀጠሮም አለ። እኛ ሐሙስ ስንል አምስተኛ ማለታችን ነው፤ ቆጠራው ከእሑድ ይጀምራላ። ራሺያዎቹ ከሰኞ ስለሚጀምሩ አምስተኛቸው፣ "ፒያትኒትሳ"፣ ዓርብ ላይ ይውላል። አበሻ ለቀጠሮ በሰዓት ይዘገያል ይላሉ፤ በዚህ ስሌት ግን አንድ ቀን ቀድመን እንደርሳለን። ደግሞ ረቡዕን "ስሬዳ"፣ መካከለኛ፣ ይሉታል። ከሰኞ የሚቆጥር ሰው መካከሉ ሐሙስ መሆኑን በጣቱ ማረጋገጥ ይችላል። ስሙ ሳምንት ከእሑድ ሲጀምር የወጣ ነውና እንደዚያው ቀረ።

እሑድን አብዛኞቹ ስላቮች "ኔዴሊያ" እያሉ በየዘዬያቸው ይጠሩታል። ሥራ የለም ማለት ነው። እንዲህ ግልጽ ስም የትም የለም። ራሺያኛ ውስጥ ግን ይህ ቃል ሰፍቶ ሳምንቱን በሙሉ ያዘ። ሳምንት ማለት "ሥራ የለም" ሆነ ማለት ነው። ይህን ቃል መሥሪያ ቤቶቻችን ቢሰሙ ይወስዱት ነበር። ለእሑድ ሌላ ስም ተፈለገና "ቮስክሬሴኒዬ"፣ ትንሣኤ፣ ተባለ። እግዜር የለም ብሎ የሚያስተምረው መንግሥት በየሳምንቱ ሠራተኛውን የሚያሳርፈው በትንሣኤ ቀን ሆነ! በ1929 (እ.ኤ.አ.) ይህን ለማጥፋት ሳምንቱን ባለ አምስት ቀን አደረጉት። ሠራተኛው በቀለም ተከፋፍሎ በየተራ ያርፋል፤ ባል ዛሬ፣ ሚስት ነገ። በ1931 ወደ ስድስት ቀን ቀየሩት። በ1940 ተስፋ ቆርጠው ወደ ሰባት ተመለሱ፤ ትንሣኤም ከነስሟ ተመለሰች። "ስፓሲቦ" የሚለው ምስጋናም "እግዜር ያድንህ" ከሚል የመጣ ነው። የኛዎቹ ተማሪዎች የሳይንሳዊ ሶሻሊዝም መምህራቸውን ከእያንዳንዱ ትምህርት በኋላ "እግዜር ያድንህ" እያሉ ነው የተመረቁት።

ድብ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ስላቮች እውነተኛ ስሙን ለመጥራት ይፈሩ ነበር፤ ከጠሩት ይመጣላ። ስለዚህ "ማር በላ" አሉት፤ "ሜድቬድ" ማለት ያ ነው። እኛ ክፉ ነገርን "ስሙን ቄስ ይጥራው" እንላለን። እነሱ ለቄስም ስላልተዉት የዱሮው ስም ጭራሹን ጠፋ። ጀርመኖችንም "ኔሜትስ" ነው የሚሏቸው፤ ዲዳ እንደማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ያላወራ አፍ አልፈታም ማለት ነው እንግዲህ! ቃሉ በቱርኮች በኩል አረብ አገር ደርሶ ኦስትሪያ "ኒምሳ" ተባለች። ዱባይና ቤይሩት የሠሩ እህቶቻችን ያውቁታል።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ "ወሬው ከኛ ጋር ምን አገናኘው?" እንዳትሉ። ሰንበትና የራሺያዎቹ ቅዳሜ፣ "ሱቦታ"፣ ዘራቸው አንድ ነው። ስኳርና የፖላንዱ "ጹኪየር" ሁለቱም በአረብኛ በኩል ነው የመጡት። ሮቦት ከቼክኛው "ሮቦታ" ነው፤ የግዳጅ ሥራ ማለት ነው፤ የቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 (እ.ኤ.አ.) በጻፈው ተውኔት ነው ዓለም የተዋወቀው። ከረባትም ከክሮኤሺያዎች ስም የወጣ ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለፈረንሳይ ሊዋጉ የሄዱ ወታደሮቻቸው አንገታቸው ላይ የሚያስሩት ጨርቅ ነበር። የኛ ሰው በሠርጉ ቀን ትንፋሽ የሚያጥረው በክሮኤሺያ ጦር ተይዞ ነው። የራሺያውን ንጉሥ "ዛር" ብለን የምንጽፈው ደግሞ ትክክለኛ ዘመዱ "ቄሳር" እያለልን ነው። በዚህ ምክንያት "ዛሩ ሕዝቡን አስጨነቀ" የሚለውን የታሪክ መጽሐፍ አያቴ ብታነብ ቡና የሚያፈላለት ጠፋ እንዴ ትል ነበር።

አረቄ ላይ ግን ጠረጴዛው ይከፈላል። ሶፊያ "ራኪያ የኛው አረቄ ነው" ይላል፤ ልክ ነው፤ ሁለቱም ላብ ከሚል የአረብኛ ቃል ነው የወጡት፤ ሲነጠር ጠብ ጠብ ስለሚል። ሞስኮ ይጸየፋል። "እናንተ ላብ ጠጡ። የኔዋ ቮድካ ከቮዳ የመጣች ናት። ውሂት ማለት ናት፤ ትንሽዬ ውሃ።" ይህንኑ ማብራሪያ አንድ ማታ ለባለቤቱም ሰጥቷት ነበር።

"ውሃማ ከሆነ" አለችው፣ ጠርሙሱን ወደ ቁም ሳጥኑ እየመለሰች፣ "ቧንቧው ዛሬ መጥቷል።"