ሽንኩርት ለመግዛት ፓስዎርድ

አሁን ገና ገባሁ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ከረጢቶቹ ወጥ ቤት በር ላይ ናቸው፤ ወተቱም ፍሪጅ አልገባም። ይቆይ። መጀመሪያ ይሄን ልጻፍ፣ ካልጻፍኩት ያንቀኛል።

ያ የግዢ ዝርዝር አፕ። ባለፈው "ሞክሩት፣ በጣም ይጠቅማል" ብዬ ለሁላችሁም የላክሁላችሁ። ሊንኩን አጥፉት። ያወረዳችሁ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሱቁን ታውቁታላችሁ፣ ምድር ቤት ነው። ሁለት መደርደሪያ አልፌ ስገባ ኔትወርኩ እልም ይላል። ይሄ የዚያ ሱቅ ብቻ ጣጣ አይደለም። ወፍራም ኮንክሪት፣ ብረት፣ ዙሪያውን የተደረደረ ማቀዝቀዣ፤ ሲግናል በየት በኩል ይግባ? የግዢ ዝርዝር አፕ የሚሠራ ሰው ይሄን ካላወቀ ምን ሊያውቅ ነው? ዝርዝር ሶፋ ላይ ተቀምጦ አይነበብም። ዝርዝር የሚፈለግበት ቦታ አንድ ነው፤ እሱም መደርደሪያው ፊት ነው። እዚያ ቆሜ ስከፍተው ነጭ ገጽ። መሃሏ ላይ ትንሽ ክብ ትሽከረከራለች። ትዞራለች፣ ትዞራለች።

27 ዕቃ ነበር የጻፍኩት። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ፣ ፍሪጁን አይቼ፣ የዱቄቱን ዕቃ አንቀጥቅጬ፣ አንድ በአንድ። 27 ቃላት ስልክ ውስጥ የሚይዙት ቦታ ከአንዲት ፎቶ በጣም ያንሳል። ስልኬ ስንት ሺህ ፎቶ ተሸክሞ ይዞራል። 27 ቃላት ከበዱት? አልከበዱትም። አፑ ነው ስልኩ ላይ የማያስቀምጣቸው። ሁሉን ነገር ሰርቨር በሚሉት ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ላይ ያኖርና በከፈትኩት ቁጥር ከዚያ ሊያመጣልኝ ይነሳል። "ሽንኩርት" የምትለዋን ቃል ለማንበብ ይሄ ሁሉ መንገድ!

መጀመሪያ ስልኩ ላይ አስቀምጦ፣ ኔትወርክ ሲገኝ ማመሳሰል ይቻላል። ብዙ አፖች ያደርጉታል። ጥበቡ አዲስ አይደለም። አላደረጉትም፣ በቃ።

ጋሪውን እየገፋሁ ወደ በሩ ተመለስኩ። ኔትወርክ መጣ፣ ዝርዝሩ ግን አልመጣም። "እባክዎ እንደገና ይግቡ" አለኝ። ኢሜይል ጻፍኩ። ፓስዎርድ ጻፍኩ። ተሳስቷል አለ። አልተሳሳተም! እንደገና ጻፍኩ። ኮድ በመልእክት ልኬያለሁ አለ። ጠበቅኩ። ሰው በግራም በቀኝም ያልፋል፣ ጋሪዬ መንገድ ዘግቷል። ኮዱ በስንት መከራ ሲመጣ ጊዜው አልፎበታል። ባንክ ዘርፌ አይደለም እኮ። ሽንኩርትና እንቁላል ነው የምፈልገው።

እሺ፣ ይሁን። በቃሌ የማስታውሰውን ልግዛ ብዬ ገባሁ። ሳሙናው ላይ ግን በቃል አይሆንም። የትንሿን ቆዳ ታውቃላችሁ። አንዱ ሳሙና ሽፍ ያደርግባታል፣ ያኛው ምንም አይላትም። ካርቶናቸው ግን አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነው፣ ጽሑፉም ደቃቅ ነው። ለዚህ ስል ነበር ባለፈው ወር የትክክለኛውን ባርኮድ አፑ ላይ ያስገባሁት። የሳሙናው መደርደሪያ በር አካባቢ ስለሆነ ኔትወርክ ይደርሰዋል። በስንተኛው ሙከራ እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ገባሁና ስልኬን አንስቼ ባርኮዱ ላይ ደገንኩ።

ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

"እህቴ፣ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።"

ጥበቃው ነው። ዞር አልኩ። "ፎቶ አይደለም ወንድሜ፣ ባርኮድ እያነበብኩ ነው።"

"ካሜራው ተከፍቷል።"

"አዎ፣ የሚነበበው በካሜራ ነው።"

"እኮ። ፎቶ ነዋ።"

"አይደለም፣ አፕ ነው። የግዢ ዝርዝር ነው።"

"ለማን ነው ዋጋ የምትለቅሚው?"

ለማን! ሰው ቆሞ ማየት ጀመረ። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። "ለማንም አልለቅምም። የልጄን ሳሙና ነው የምፈልገው" አልኩት።

"ሳሙናው ይኸው ፊትሽ ነው።"

"የትኛው እንደሆነ ስልኩ ነው የሚያውቀው።"

ዝም ብሎ አየኝ። ሰውዬው አልተሳደበም፣ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለልጅሽ የሚሆነውን ሳሙና ስልክሽ ነው የሚያውቀው?" አለኝ።

ምን ይመለሳል? እስከ አሁን መልስ እየፈለግኩለት ነው። መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነው የመጣሁት። አንድ ሦስት ጥሩ መልስ አግኝቻለሁ፤ እዚያ ቆሜ ግን አንድም አልመጣልኝ። ከዚያ "ጋለሪሽን አሳዪኝ" አለ። አሳየሁት። ለምን እንዳሳየሁት አላውቅም፣ መብቱም አይደለም፣ ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ነበርና ቶሎ እንዲያልቅ ፈለግኩ። የመጨረሻው ፎቶ ትንሿ እንቅልፍ ላይ ሆና ያነሳኋት ነው። አየት አደረገና "እሺ፣ ቀጥይ። ግን ስልኩን ዝቅ አድርጊው" ብሎኝ ሄደ። አጠገቤ የነበሩት እናት ብጣሽ ወረቀታቸውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። እሳቸው ጨርሰው ነበር።

ሰውዬው ሥራው ነው፣ በእሱ ብዙም አልተናደድኩም። የተናደድኩት ቀጥሎ በሆነው ነው። ይሄን ሁሉ ውርደት ጠጥቼ ስካን ሳደርገው አፑ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ምርቱ አልተገኘም።"

ባለፈው ወር ራሴ ነኝ ያስገባሁት! በዚህ እጄ!

ባርኮድ እኮ አስማት የለውም። ቁጥር ነው፣ በአብዛኛው 13 አሃዝ። መስመሮቹ ውስጥ የዕቃው ስም የለም፣ ዋጋውም የለም። የመጨረሻዋ አሃዝ የቀሩት በትክክል መነበባቸውን ማረጋገጫ ናት። ስሙ የሚመጣው ቁጥሩ ከስም ጋር ከተመዘገበበት ቦታ ነው። ካሸሯ ጋ ወዲያው የሚያልፈው ሱቁ የራሱ መዝገብ ስላለው ነው። ዛሬ በየሱቁ የምናየው ዓይነት ባርኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነቦ ዕቃ የተሸጠው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1974 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ነው። አንድ ፓኬት ማስቲካ ነበር። ይኸው ከዚያ ወዲህ ከ50 ዓመት በላይ ሆነ። እነሱ ያኔ ማስቲካውን አወቁት። የእኔ አፕ ራሴ ያስመዘገብኩትን ሳሙና አያውቅም። በየወሩ እየከፈልኩት!

ክፍያው ትዝ ሲለኝ ደግሞ ሌላ ይነሳብኛል። መጀመሪያ ነፃ ነው ይላችኋል። ዝርዝሩን ለሌላ ሰው ማጋራት ስትፈልጉ ወርሃዊ ክፍያ ይመጣል። ከዚህኛው በፊት የነበረውን አፕ ተናድጄ ከስልኬ አጥፍቼው ነበር። በቃ ተገላገልኩ ብዬ። ከዚያ በኋላ አራት ወር ገንዘቤን ቆርጧል። ይሄን ስሙኝ፣ ከምጽፈው ሁሉ የሚጠቅማችሁ ይሄ ነው፦ አፑን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም። ያወረዳችሁበት የአፕ መደብር ውስጥ ገብታችሁ፣ የደንበኝነት ክፍያዎች የሚለውን ፈልጋችሁ፣ እዚያ ነው መሰረዝ ያለባችሁ። ለመክፈል አንዲት ንክኪ ትበቃለች። ለማቆም በር በበር መዞር ነው። ሆን ብለው ነው፣ ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

ፈቃዱስ? ያለሁበትን ቦታ ማወቅ ይፈልጋል፣ የስልክ ቁጥሮቼን ማየት ይፈልጋል። ጨው መግዛቴን ለማን ሊነግርልኝ ነው? "አልፈቅድም" አልኩት። በየሦስት ቀኑ መልሶ ይጠይቀኛል።

ደግሞ የሥጋው ጉዳይ። ይሄን አልነገርኳችሁም መሰለኝ። እኔ "ስጋ" ብዬ እጽፋለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ በንጉሡ ሠ "ሥጋ" ብሎ ይጽፋል። አፑ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች አድርጎ ያዛቸው። እሱ የራሱን ገዝቶ ምልክት አደረገ፣ የእኔ ሳይነካ ቀረ። እኔም ገዛሁ። በማግስቱ በ"ዓሣ" እና በ"አሳ" ተደገመ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጡበት የጋራ መዝገብ ውስጥ፣ ከገባ ቆይቷል፣ እ.ኤ.አ. 1999 ነው። ሰ እና ሠ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፣ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ኮምፒውተሩ ቁጥር ነው የሚያየው፤ ድምፃቸው አንድ መሆኑን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። የእንግሊዝኛውን ትልቁንና ትንሹን ፊደል አንድ አድርጎ እንዲያይ ነግረውታል። የእኛን የሚነግረው ጠፋ። ጻፍኩላቸው። ትህትና በተሞላበት አማርኛ፣ ከዚያም በእንግሊዝኛ። "አስተያየትዎን ስለሰጡን እናመሰግናለን" የሚል መልስ መጣ። ከዚያ ወዲህ ጭጭ።

የከፋው ግን ማመሳሰሉ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እሱ ዝርዝሩን ከፍቶ ሳለ ኔትወርክ ጠፋበት፤ በተከፈተው ላይ እንቁላል ጨመረ። እኔ ቤት ሆኜ የተገዛውን ሰረዝኩ፣ አዲስ ጻፍኩ። ማታ የእሱ ስልክ ኔትወርክ ሲያገኝ የያዘውን አሮጌ ዝርዝር በእኔ ላይ ገለበጠው። የኋላው የፊተኛውን አጠፋ። ዕቃ በዕቃ ቢያስታርቀው ምን ነበረበት? የሰረዝኳቸው ሁሉ ተመልሰው ቆሙ፣ የጻፍኳቸው ጠፉ። በማግስቱ እሱ በዚያ ዝርዝር ሄዶ ጨው ገዝቶ መጣ። ጨው! ሁለት ፓኬት ተቀምጦ። "ዝርዝሩ ላይ አለ" ይለኛል። "ሰርዤዋለሁ" እለዋለሁ። "አልተሰረዘም" ይላል። ሁለታችንም እውነታችንን ነበር። ሁለት ቀን ተኮራረፍን። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ከልቤ አዝኛለሁ። የማንም ሰው አፕ በቤቴ ውስጥ በጨው ሊያጣላን አይገባም።

"ወረቀት ያዢ" እንዳትሉኝ፣ አውቃለሁ ልትሉኝ ነው። ወረቀት ከእሱ ጋር አያገናኘኝም። እሱ ከሥራ ሲወጣ እኔ ምን እንደገዛሁ በምን ይወቅ? ሁለት ሰው ተጋግዞ ቤት ለሚያስተዳድር ይሄ ነገር ያስፈልጋል። እኔ ስልኬ ላይ ጌጥ አልፈለግኩም። ሥዕል አያስፈልገኝም፣ "ወተት አልቆብዎት ይሆን?" እያለ ሌሊት እንዲቀሰቅሰኝ አያስፈልገኝም፣ "ሳሙና" ብዬ ስጽፍ የተከፈለበት ማስታወቂያ ከላይ እንዲመጣ አያስፈልገኝም። የጻፍኩት ቆሜ ስፈልገው ይኑር፣ እሱም ይየው። ይሄው ነው። ስንት አፕ ሞከርኩ? አራት? አምስት? እያንዳንዱ ሲመጣ ከእንደገና አካውንት፣ ከእንደገና መጻፍ፣ ከእንደገና ለእሱ ማስረዳት። ደከመኝ።

ቆይ፣ ስልኬ ጮኸ።

አፑ ነው። "ዝርዝርዎ ተዘምኗል" ይላል። ከፈትኩት። ምንም ሳይሽከረከር ተከፈተ። ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ 27ቱንም እያየኋቸው ነው። 11 አልገዛሁም። የሳሙናውም ስም ተጽፏል፣ ባርኮዱም አለ። ከረጢቱን ከፍቼ ቁጥሩን አስተያየሁት።

ያኛው ነው የመጣው። ሽፍ የሚያደርጋት።

ወተቱን ላስገባ።