ማስተካከያ፦ ስለ አህጉራዊው ነፃ ንግድና ስለ ደመወዝ ወለል

በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ዘንድ የተሠራጨ ጽሑፍ፣ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት ዝቅተኛ ደመወዝ እንደሚወስን፣ የሠራተኛ ማኅበራት ግን ስምምነቱን እንደሚቃወሙ ይገልጻል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ኪጋሊ ላይ የተፈረመው ስምምነት ራሱን የቻለ የሠራተኛ መብት ምዕራፍ የለውም። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሎሜ የሆነው የአፍሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ጥምረት (ITUC-Africa) ቅሬታም ይኸው ነው፤ ንግዱን አልጠላም፣ መንግሥታት ሠራተኛውን ሳይጠይቁ መደራደራቸውን እንጂ።

የደመወዝ ወለል፣ ማለትም ዝቅተኛው ደመወዝ፣ የአገር ውስጥ ሕግ ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል እንጂ የብር መጠን አልቆረጠም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ለዓመታት ሲወተውት የኖረውም ወለሉ እንዲወሰን ነው።

ጽሑፉ በአንድ ድርጅት ማኅበር ለማቋቋም 10 አባላት ይበቃሉ ማለቱ ግን ልክ ነው።