የወፍ በሽታ ሲባል
ለመድኃኒት ከሚጠጣው ቅጠላ ቅጠል አንዳንዱ ጉበት ይጎዳል የሚል ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ እውነት ነው። እኛ ቡራዩ አካባቢ የሰው ዓይን ቢጫ ከሆነ «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቀጥታ ወደ መድኃኒት አዋቂ ይኬዳል። አክስቴም እንዲሁ አደረገች። በሃይላንድ የተሰጣትን አረንጓዴ ውሃ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ አንድ ስኒ ትጠጣ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሆዷ ተነፋ። ቀሚሷ አልገባ አላት።

በትግራይ ታህታይ ቆራሮም ከእህል ጋር የተቀላቀለ የአረም ዘር የብዙ ቤተሰብ ጉበት ጎድቷል። በእንዲህ ዓይነቱ አረምና በአንዳንድ ቅጠል ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ወደ መርዝ የሚቀይረው ራሱ ጉበታችን ነው። ከዚያ መርዙ የጉበትን ትንንሽ የደም ሥሮች ይደፍናል። ማፍላትም ዋስትና አይሆንም።

እባካችሁ፣ ዓይን ቢጫ ሲሆን መጀመሪያ ደም አስመርምሩ። የጠጣችሁት ካለ ለሐኪሙ ንገሩት። አክስቴ ተሳቅቃ ሦስት ቀን ደብቃን ነበር፤ ሃይላንዱን ከአልጋዋ ሥር ያገኘሁት እኔ ነኝ።