እኛም የመጣነው በጀልባ ነው

በማልታ የምትኖሩ ኢትዮጵያውያን ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ አዝኜ ነው። በመጽሐፋችን መላጥያ የተባለችው ደሴት፣ 276 ነፍስ የጫነችው መርከብ ተሰባብራ ቅዱስ ጳውሎስና አብረውት የነበሩት ከፊሉ በዋና፣ ከፊሉ በሳንቃ ተንሳፍፈው የወጡባት፣ ዛሬ የምንኖርባት ይህችው ናት። የደሴቲቱ ሰዎች በዝናብና በብርድ እሳት አንድደው ሁሉንም ተቀበሏቸው፤ ከሦስት ወር በኋላ ሲሸኟቸውም ስንቅ አስያዟቸው። ከዚያ ሁሉ ሰው የመኝታ ዋጋ የተጠየቀ አልነበረም።

ዛሬ ግማሽ ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ ባላት በዚህች አገር በ2024 ብቻ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ገብቷል። አንሶላ የምንቀይረውም ሰሃን የምናጥበውም ለእነርሱ ስለሆነ፣ ጎብኚውን ልወቅስ አልችልም፤ ቤት ኪራዬን የምከፍለው እርሱ በሚያመጣው ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ እንግዳ መቀበል በገንዘብ የሚለካ ሥራ በሆነበት አገር ውሎ ማደር ልብን ቀስ እያለ ይለውጣል።

ከጸሎት በኋላ ተሰብስበን የምናወራውን ታውቃላችሁ። ሕገ መንግሥቷ የአገሪቱ ሃይማኖት ካቶሊክ ነው የሚል አገር በ2011 በሕዝበ ውሳኔ፣ በ53 በመቶ ድምፅ ፍቺን መፍቀዷን፣ በ2017 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ማጽደቋን፣ የፓቼቪልን ጭፈራ ቤቶች እያነሳን «ማልታ እምነቷን ጣለች» እንላለን። ስለዚያ የአገሬው ሰው ራሱ ለፈጣሪው ይመልሳል። እኛ የምንጠየቀው ስለ ራሳችን ነው።

ባለፈው ጥር ከስደተኞች ማቆያ የወጣ አንድ የአገራችን ልጅ ሃል ፋር በሚባለው የስደተኞች ካምፕ በር ላይ ቆሞ፣ ብጣሽ ወረቀት ላይ የያዛቸውን የሦስት ሰዎች ስልክ በተራ ደወለ። አንዱ «ፈረቃ ላይ ነኝ» አለው። ሁለተኛው «አከራዬ ሰው አይፈቅድም» አለው። ሦስተኛው ስልክ የእኔ ነበር፤ ድርብ ፈረቃ ሠርቼ ተኝቼ ነበርና ሲጠራ እያየሁ አላነሳሁም። በኋላ ሳገኘው ካልሲው ገና እንደራሰ ነበር፤ ሌሊቱን የት እንዳሳለፈ ልጠይቀው አፈርኩ።

በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 10 ቀን የቅዱስ ጳውሎስን ሐውልት በትከሻቸው ተሸክመው በቫሌታ መንገዶች ሲያልፉ ዳር ቆመን በስልካችን ፎቶ እናነሳለን። በመርከብ መሰበር ለመጣ እንግዳ የሚከበር በዓል መሆኑን እያወቅን፣ በጀልባ የመጣው ወንድማችን ደውሎ መልስ ያጣበትን ስልክ ይዘን መቆማችን እንዴት አላሳፈረንም? አብዛኞቻችንኮ በዚያው ባሕር ነው የመጣነው!

ለሆቴሉ ሥራ ማክሰኞን ከሐሙስ እየተለዋወጥን ክፍተት ሳንተው እንሸፍናለን። ለሃል ፋርም እንዲሁ ተራ እናውጣ፤ ትኩስ ምግብና ደረቅ ካልሲ ይዞ የሚሄድ አንድ ሰው በየሳምንቱ አይጠፋም። በመጪው እሑድ ከጸሎት በኋላ የስም መጻፊያ ወረቀቱን ይዤ በር ላይ እቆማለሁ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት እኔ ይዤዋለሁ።