ፕሮሰሰሩን ከመቀየራችሁ በፊት
ለኢሙሌተር፣ ማለትም የጨዋታ ኮንሶልን በኮምፒውተር ላይ ለሚያስመስል ፕሮግራም፣ ፕሮሰሰር ስለመምረጥ በወጣ አንድ ጽሑፍ ላይ «ለኢሙሌተር የሚወስነው የኮር ብዛት ነው» ተብሏል፤ ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው ሥራ የሚሠራ ክፍል ነው። አባባሉ ግን ለሁሉም ኮንሶል አይሠራም። የ2000ውን ፕሌይስቴሽን 2 የሚያስመስለው ፒሲኤስኤክስ2 የሚጠቀመው ጥቂት ኮሮችን ነው፤ እዚያ ዋናው የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው። 16 ኮር ገዝቶ አብዛኛውን ሥራ ፈት ማስቀመጥ ምን ይረባል? ፕሌይስቴሽን 3 ግን ሌላ ጉድ ነው። የ2006ቱ የዚህ ኮንሶል ሴል ፕሮሰሰር ከዋናው ኮር ሌላ ለጨዋታዎች የተተዉ 6 ረዳት ኮሮች ስላሉት፣ እሱን የሚያስመስለው አርፒሲኤስ3 የኮር ብዛቱንም ፍጥነቱንም ይፈልጋል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ኢሙሌተሩ ውስጥ ሪዞሉሽኑን (የምስሉን ጥራት) ወደ ኮንሶሉ የራሱ መጠን አውርዱት። ፍጥነቱ ከተሻሻለ ጥፋቱ የግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ፕሮሰሰሩን በከንቱ አትውቀሱት። ምንም ካልተለወጠ ግን ማነቆው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ይህን ሳልሞክር ፕሮሰሰር ቀይሬ፣ ጨዋታው እንደድሮው ሲንቀረፈፍ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የፕሮሰሰሩን ሥራ በሚያሳየው የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ላይ «30 በመቶ» ማየታችሁም አያታልላችሁ፤ አንዱ ኮር እየቃተተ ሌሎቹ ተኝተው ይሆናል። ማዘርቦርዱና ራሙም አብረው የሚቀየሩ ከሆነ ደግሞ፣ እኔ ብሆን ለፕሌይስቴሽን 2 ብቻ ብዬ ፕሮሰሰሩን አልነካውም።