ግሮም ሚሳኤልና ግሮም ኮማንዶ አንድ አይደሉም

«ጦር ሜዳ ላይ ግሮም ሚሳኤል ከተገኘ የፖላንድ ኮማንዶዎች እዚያ ነበሩ ማለት ነው» የሚል አስተያየት እየተደጋገመ ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ቢያምታታ አይገርምም። ግሮም የተባለው የፖላንድ ልዩ ኃይል እ.ኤ.አ. በ1990 የተቋቋመ የወታደሮች ክፍል ነው። ሚሳኤሉ ግን በትከሻ ተይዞ ወደ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር የሚተኮስ፣ ሜስኮ የተባለው የፖላንድ ፋብሪካ ያመረተው መሣሪያ ነው። ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛው አገር አለ፤ ጆርጂያና ኢንዶኔዥያ ገዝተውታል።

ስለዚህ ጦር ሜዳ ላይ ባዶ ማስወንጨፊያ ስለታየ ብቻ ፖላንድ ወታደር ልካለች አይባልም። አንድን አገር ጦርነት ገብቷል ብሎ መክሰስ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ማጣራት የፈለገ ሲፕሪ በተባለው የስቶክሆልም የሰላም ጥናት ተቋም የጦር መሣሪያ ዝውውር መዝገብ ላይ ሻጭ በሚለው ቦታ ፖላንድን ይምረጥ። ገዢዎቹ ከነዓመታቸው ይወጡለታል።